ከወንዙ ማዶ ያሉት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግር… ጉልበቴ መንግሥትን እያማ ደረሰ። ቢሮ ስገባ ስልኩ ይጮሃል፤ ልይዘው ስል ቆመ። እንግዲህ የተለመደ ቀን ነው።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ደክሞኛል። ዘጠኝ ክልሎች የተማሪያቸውን ቁጥር ይልካሉ፣ እኔ እሰበስባለሁ፣ ሲስተሙ በቁጥሩ ልክ የፌዴራሉን ድጎማ ለየትምህርት ቤቱ ያከፋፍላል። በቃ። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን… «ነገ እንልካለን»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ኔትወርክ የለም»። ቀኑን ሙሉ ስለምን ነው የምውለው።

ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስክሪን አለ፤ ካርታ ያሳያል። ያልላከ ክልል ቀይ፣ የጀመረ ቢጫ፣ አሟልቶ የጨረሰ አረንጓዴ። ዳይሬክተራችን ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሞ ያየዋል። ሚስቱን እንዲህ አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከሁሉም የሚሻለኝ አቶ ቆይ ነው። ከሁሉም የራቀው ክልል የዳታ ባለሙያ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ምን ብጠይቀው «ቆይ፣ ላጣራ» ስለሚለኝ። በአካል አይቼው አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ! ግን ሳል እንደማይለቀው፣ ልጁን እንደዳረ፣ የቢሮው ጣሪያ እንደሚያፈስ አውቃለሁ። እሱም የኔን ጉድ ያውቃል። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «እህት ዓለም» ይለኛል። ማታ ስልኬ ከጮኸ ባለቤቴ «አንሺው፣ ሁለተኛው ባልሽ ነው» ይላል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ጋሼ ደወለ። ጎርፍ ድልድዩን ይዞት ሄዷል። ከወንዙ ማዶ አሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ መኪና አይገባ፣ ስልክ አይሠራ።

«የአምናውን ቁጥር ላክልኝና እንገላገል» አልኩት።

«ቆይ እህት ዓለም። ቤቱ የፈረሰበት አለ፣ ልጆቹን ይዞ የተሰደደ አለ። ሄጄ እቆጥራለሁ።»

«በምን ትሄዳለህ?»

«በእግሬ ነዋ! ተራራውን ዞሬ።»

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው። ከዚያ ሳሉ ጋር! እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ትንሿ ልጄን አተኩሷት ቤት ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው ቁጥር አልጠየቅሁም። ለካ መኖር ይቻላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ነገ የዘንድሮው የቁጥር መቀበያ ዙር ይዘጋል። ስምንቱ አረንጓዴ፣ የጋሼ ክልል ቢጫ። ቅጹ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ሳጥን ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ለማንም አያከፋፍልም፤ ሁሉም ይጠብቃል። የአምናውን ቁጥር ሞከርኩ። «የተደገመ» ብሎ መለሰብኝ። ማጭበርበር ለመከላከል ነው አሉ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሲመጣ ደስ አይለኝም።

«ስምንት ክልል በአንድ ሰውዬ ምክንያት ይቀመጥ?»

«እየቆጠረ ነው።»

«በጣቱ ነው የሚቆጥረው?» የሚስቁለት ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ሳቁ። «ዜሮ ሙዪውና ይለፍ።»

«ዜሮ ማለት ተማሪ የለም ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ግን አላወቅንም ማለት ነው። አንድ አይደሉም እኮ።»

«ፍልስፍናውን ተዪውና ሙዪ። ለጊዜው ነው። ሰውዬው ሲልክ ታስተካክያለሽ።»

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሞላሁት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዜሮ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ካርታው አረንጓዴ ሲሆን ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንበሳ!» አለኝ። ለስላሳ ታዘዘልን። ጠጣሁ። ምን ላድርግ? ስምንት ክልል ይጠብቅ ነበር… የነዚያም ልጆች ልጆች ናቸው… ለማን ነው የማስረዳው? ደብተር እኮ ነው ይሄ።

ለጋሼ ልደውልለት አስቤ ነበር። ማዶ ነው፣ ስልኩ አይሠራም ብዬ ተውኩት። መልእክት መላክ አያቅተኝም ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ደወለ! ድምፁ ተዘግቷል፤ ብርድ መትቶታል። አሥራ ዘጠኙንም አዳርሷል። አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ተማሪ።

«አንዱ ትምህርት ቤት ግማሹ ፈርሷል እህት ዓለም። ሁለት ክፍል ተማሪ አንድ ቤት ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ይማራል። አንዱ መምህር ሲጽፍ ሌላው ያወራል። ተራ ገብተው እኮ ነው የሚያስተምሩት!» እየሳለ ሳቀ። «ድጎማው ሲመጣ መጀመሪያ ጣሪያ ነው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። በኮንትራት ያሉት መምህራንም ይጠብቃሉ።»

«በርታ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ቁጥሩ ደረሰሽ አይደል? አልዘገየሁም?»

«ደርሶኛል ጋሼ።»

አልዋሸሁም፤ ደርሶኛል… ኧረ ዋሽቻለሁ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሲስተም ክፍል ሄድኩ። የተዘጋ ዙር የሚከፈተው በዳይሬክተሩ ፊርማ ብቻ ነው አሉኝ። ወደ እሱ ሄድኩ።

«ለአንዱ ከከፈትኩ ዘጠኙም በሬን ይሰብሩታል» አለ። «ለሚቀጥለው ዓመት ይካካሳል።»

«ለጊዜው ነው ብለውኝ ነበር።»

ፈገግ አለ። «ደግሞ አትርሺ፣ የገባው በአንቺ ስም ነው።» እንዲህ ሲል አልተቆጣም። ሻይ ትጠጫለሽ እንደሚል ሰው ነው ያለኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ማታ ስልኩ ጮኸ፤ ዝም አልኩት። ባለቤቴ ከጋራዥ እንደመጣ እጁን እየታጠበ ነበር። «ከሁለተኛው ባልሽ ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ። ስቄ ላልፈው ስል አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ።

«ደውለሽ ንገሪው» አለ።

«ነገ።»

«አሁን ምን አለበት?»

ብዙ ነገር አለበት። እሱ ጎማ ከፈታ መልሶ ያስረዋል። የኔው እንደዚያ አይደለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

«ነገ» እያልኩ ሐምሌ አለቀ። በመሃል ሁለት ጊዜ አውርተናል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ሳሉ ጠየቅሁት፣ ልጁ ማርገዟን ነገረኝ፣ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ጎበዝ ነኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ድጎማው ተለቀቀ። ለማዶዎቹ ቤሳ የለም።

ጋሼ ከሰዓት በፊት ደወለ። «ቆይ፣ የሆነ ስህተት አለ» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። እዚያ ጉድ ፈልቷል። ሪፖርቱ ላይ ዜሮ የሚል ስለተገኘ፣ ሳይሄድ ሄድኩ ብሎ ነው፣ ቤቱ ተኝቶ ነው እያሉት ነው። ስድስት የኮንትራት መምህራን ተሰናብተዋል።

«እኔ ዜሮ አልላክሁም» አለኝ።

«እንደማትልክ አውቃለሁ።»

እዚህ ላይ ልነግረው ነበር። ጀምሬም ነበር፤ «ጋሼ፣ እኔ…» ብዬ። «አውቃለሁ፣ አንቺማ ታውቂያለሽ» አለና አቋረጠኝ። ለስብሰባ ተጠርቷል፤ እዚህ እኛ ቢሮ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

በመጨረሻ አየሁት። በድምፁ ረጅም ሰው አድርጌው ነበር፤ አጭር ነው፣ ኮቱም ሰፍቶታል። ኮሪደሩ ላይ ድምፄን ሰምቶ አወቀኝ። «እህት ዓለም!» ብሎ ሁለት እጄን ያዘኝ። ሚስቱ ለትንሿ የሱፍ ኮፍያ ሠርታላታለች። ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ግቡ ተባልን።

የክልሉ ምክትል ኃላፊ ጣቱን ቀሰረበት። ጋሼ ተነስቶ የአሥራ ዘጠኙን ትምህርት ቤት ቁጥር በቃሉ ዘረዘረ። አንድም አልሳተም።

«ታዲያ ዜሮ ያደረገው እዚህ ያለ ሰው ነው እያሉ ነው?» ብሎ አንዱ ጠየቀው።

«ቆይ! ያንን አላልኩም። እዚህ የምትቀበለኝ እሷ ናት» አለና ወደ እኔ አሳየ። «ስምንት ዓመት አውቃታለሁ። አንድ ተማሪ ቢጎድል ደውላ የምትጨቀጭቅ ሰው ናት። በእሷ እጅ አልተበላሸም። በልጆቼ እምላለሁ።»

በልጆቹ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ… ዳይሬክተሩን አየሁት። ውሃ ይጠጣል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዜሮውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ግን እጁ የኔ ነው።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ችግሩ የቴክኒክ መሆኑ ታውቋል። ቃለ ጉባኤው ላይ በዚህ መልክ ይያዝ።» ተያዘ። ገንዘቡ ተከፋፍሎ አልቋል፣ የሚመለስ የለም። የሚቀጥለው አጀንዳ የወረቀትና የቀለም ግዢ ነበር።

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩበት። ባይቆም ይሻለኝ ነበር። ቆመ።

«ጋሼ…»

«ዜሮው ይሁን» አለኝ። አልጮኸም። «አዘዙሽ፣ ሞላሽ፤ የልጆች እናት ነሽ። ግን ግንቦት ላይ ብትነግሪኝ ሦስት ወር ነበረኝ። የማላንኳኳው በር አልነበረም። ደረሰሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ እኮ! ደርሶኛል አልሽኝ።»

ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። ሊፍቱ ቢሠራ ኖሮ እንኳ… ምን እያልኩ ነው?

ዓርብ፣ መስከረም 9

ጋሼን ንብረት ክፍል አዛውረውታል። ቃለ ጉባኤው የቴክኒክ ነው ቢልም፣ እዚያ ደግሞ የሚቀጣ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ደወልኩለት፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደው፤ «ይበቃል፣ ሰውየውን ተዪው» አለኝ።

እኔስ? ምንም አልሆንኩም። «እንዴት ያለች ግልጽ ሰው ናት» ተብሎ ተወራልኝ። ወቀሳ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዘጠኙንም ክልል በጊዜው ስላስጨረስኩ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። በመስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ ነው። ይዤው አውቶቡስ ውስጥ ስቆም አንዲት ሴትዮ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተመርቀሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ካርታው ዘንድሮ ከመዝጊያው ቀድሞ አረንጓዴ ሆነ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከሁሉ ቀድሞ የላከው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋሼ ክልል! በእሱ ቦታ የተመደበችው ልጅ ፈጣን ናት። ዳይሬክተሩ በስብሰባ መሃል ሁለት ጊዜ አመሰገናት።

ከስብሰባው እንደወጣሁ ደወልኩላት።

«ከወንዙ ማዶ ያሉት ስንት መጡ?»

«ዜሮ ናቸው እትዬ።»

«ማን ሄዶ አያቸው?»

«ኧረ ማንም አልሄደም። አምናም ዜሮ ነበሩ እኮ፣ ሲስተሙ ላይ ይመልከቱት፤ ዜሮ ሲደገም ደግሞ አይመልስም።»

«ድልድዩስ?»

«እሱማ ከዕቅድ ወጣ። ማዶ ተማሪ ከሌለ ለማን ይሠራል ተባለ።»

ወንበሬን ስቤ ቁጭ አልኩ።

«ስሚኝ እህቴ። የአምናውን ዜሮ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ተቀምጬ። ልጆች አሉ እዚያ።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። እስክሪብቶ ስትፈልግ ይሰማኛል።

«ውይ… እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ ላስተካክለው። ስንት ልበል?»

ጋሼ ያመጣውን ቁጥር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን መምህራኑ ተባረው፣ ጣሪያው ሳይሠራ አንድ ክረምት አልፎ፣ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ቀረ? እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። ተራራ ዞሮ የሚቆጥር አንድ ሰው ነበር። እሱም ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበር ይቆጥራል።