ያለ ቅመም የከረምንበት ወቅት

እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ባለሽበት በሽታ የለም ብለውኛል፣ እኔም አምኛለሁ። ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። የሱሉልታ ሜዳ እንደምታውቂው ውሃ ተኝቶበታል፤ ንፋሱም ያው የጥንቱ ነው፣ ነጠላ ከትከሻ ይነጥቃል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። ባዶ እጄን ልጽፍልሽ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ግን እጄ ሙሉ ነው። አሸነፍኩ እማዬ! በሰው አገር፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ማራቶን አሸነፍኩ! ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ጎረቤት ይሰማል ትይኝ ነበር። ዛሬ ጎረቤትም ይስማ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው ተቀይሯል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ቀረ። ከመደብሽ አጠገብ ገብስ የሚሸጡት ኦቦ ደገፋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ስመለስ ሌላው ሰው አበባ ይዞ ሲጠብቀኝ እሳቸው ገብስ በኩንታል አስጭነው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አበባ አይበጠበጥም አሉኝ።

ግን የምጽፍልሽ ስለ ሜዳሊያው ብቻ አይደለም። ስለ ሳቄ ነው። ውድድሩን እንደጨረስኩ ላቤ ሳይደርቅ ለምርመራ ወደ አንድ ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ አገር የሚኖር የኛ ሰው ሊያስተረጉም መጥቶ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ፣ ሰሞኑን አበረታች ቅመም ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ሳቄ አመለጠኝ። አፌን ብይዝ፣ ወደ ግድግዳው ብዞር፣ እምቢ አለኝ። መርማሪዋ ተርጓሚውን ታያለች፣ ተርጓሚው እኔን ያያል። እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? የሚገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ብታውቂውም ልድገምልሽ፤ ስትስቂ እንድሰማሽ።

ያ ዓመት አዲስ አበባን እስከ እኛ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላኑ ዓመት ነበር። በፍቼ መንገድ መኪና አንድ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን አያልፍም። ጎማ ይቃጠላል፣ ልጆች ይታፈሳሉ፣ እናቶች ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዘው ይውላሉ። የኦቦ ደገፋ የወንድም ልጅ የት እንደታሰረ ሳይታወቅ ከርሟል። ያን ወቅት በሳቅ ማንሳት ነውር እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ቢሆንም በዚያ ሁሉ መሃል ቤታችን የራሱ ጉድ ነበረበት።

ነገሩ የጀመረው ከግርግሩ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አትሌቶች ከነቤተሰባችን ለትምህርት አዳራሽ የተጠራን ዕለት ነው። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ፊት ለፊት ተቀመጥሽ። አስተማሪው አሳምሮ አስረዳ፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። የስፖርተኛ ጉልበት ለመጨመር የሚወሰደው የተከለከለ መድኃኒት በኛ ቋንቋ አበረታች ቅመም ይባላል፤ እሱም እንደዚያው አለ። ለሌላው ሰው መድኃኒት ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ስትሸጪ ለኖርሽው ለአንቺ ግን ቅመም ቅመም ነው። በየማለዳው በሶዬ ላይ ኮረሪማ ነስንሰሽ፣ ጠጪ፣ ያበረታል እያልሽ ስትሰጪኝ ኖረሻል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጄን በገዛ እጄ ላሳግዳት ነበር ብለሽ ደነገጥሽ።

ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ቤቱን ቅመም አልባ አደረግሽው። ሽሮው ውሃና ጨው ሆነ። አልጫው ራሱ አልጫ መባል የሚያሳፍረው ነበር። እኔ መንገድ ስለተዘጋ ከመርካቶ ቅመም አልመጣላትም፣ አፍራ ነው ብዬ ዝም ብዬ ዋጥኩ። ከገበያ ስትመለሺ ልብስሽን በረንዳ ላይ ቀይረሽ፣ እጅሽን እስከ ክንድሽ በሳሙና ፈትገሽ ነበር የምትስሚኝ። ኋላማ መደብሽን ጭራሽ ዘጋሽው።

እዚህ ላይ ነው የከተማው ጉድ የመጣው። ነጋዴው ሁሉ በአድማ ዘግቶ ስለነበር ማንም ልብ አላለሽም። ሌላው እያንገራገረ ሲከፍት ግን አንቺ አልከፈትሽም። ወጣቶቹ እንደ አንቺ ያለ ቆራጥ የለም አሉ፤ በደጃችን ሲያልፉ ጀባዱ፣ በርቺ፣ አዴ ሙሉ ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ለእኔ ሩጫ የሚጸልዩ መስሎሽ ትመርቂያቸዋለሽ! የቀበሌ ሰዎች መጥተው ለምን አትከፍቺም ሲሉሽ ለልጄ ስል ነው አልሽ። የታሰረ ወንድ ልጅ ያለሽ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

እኔ ግን እየደከምኩ ነበር። የውጭ ውድድር ግብዣ የሚገኝበት ማጣሪያ ደርሷል። ሳልመረጥ ብቀር ሩጫውን ትቼ ፋብሪካ እንደምገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ መደብሽ ተዘግቶ በምን እንኖራለን? ዳገቱ ላይ እግሬ እርሳስ ይሆናል። ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ የምትሮጠው ጫልቱ፣ ስንት ጊዜ ከኋላዬ የቀረችው ጫልቱ፣ ጀርባዋን ታሳየኝ ጀመር። ውጭ እወስድሻለሁ ያላት አንድ ሰው የዱቄት ጣሳ ሰጥቷት በውሃ እየበጠበጠች ትጠጣለች። ልቧ ንጹህ ስለሆነ ግማሹን በላስቲክ ቋጥራ አካፈለችኝ።

በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ልበጠብጥ ስል ተነሥተሽ እጄን ያዝሽ። እንደዚያ ስትቆጪ አይቼሽ አላውቅም። ለአንቺ ብዬ ሥራዬን ትቼ፣ ገላዬን ፈትጌ፣ የሚላስ የሚቀመስ ጣዕም ከቤቴ አስወጥቼ፣ አንቺ ቅመም በላስቲክ ቋጥረሽ ትገቢያለሽ ወይ ብለሽ አለቀስሽ። መጀመሪያ ያበድሽ መሰለኝ። ከዚያ አዳራሹ ትዝ አለኝ፣ ሽሮው ትዝ አለኝ፣ ሳሙናው ትዝ አለኝ። የሚከለከለው ኮረሪማ እንዳልሆነ ስነግርሽ፣ ታዲያ ስም አውጪው ምን ነክቶት ነው የሰው ንግድ የሚያጠፋው አልሽ። ወለሉ ላይ ተቀምጠን እስክናለቅስ ሳቅን።

ሳቃችን ሲበርድ ላስቲኩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱስ ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላውቅም። ጫልቱም አታውቅም። የሰጣት ሰው ቫይታሚን ነው ከማለት በቀር ምንም አላላትም፣ የጣሳው ጽሑፍም በማናነበው ቋንቋ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ አልሽኝ፤ ተሸንፈሽ ብትመጪ በሬ ክፍት ነው፣ የማታውቂውን ጠጥተሽ አሸንፈሽ ብትመጪ ግን ምን ብዬ እልል እላለሁ አልሽ። ተናድጄብሽ ነበር እማዬ። ተሸንፎ መምጣት ለአንቺ ቀላል ነው፣ ዳገቱ ላይ የምቀረው እኔ ነኝ ብያለሁ። ቢሆንም ላስቲኩን ለጫልቱ መለስኩላት፤ አንቺም ተይው ብትያት ለእኔ ቀንተሽ ያመጣሽው መሰላት።

ጉድሽ አላለቀም። ሐኪም ለደም ማነስ ያዘዘልኝን ክኒንም ያበረታል ሲል ሰምቼዋለሁ ብለሽ ሽንት ቤት ጥለሽው ኖሯል! እኔ የጠፋብኝ መስሎኝ፣ መንገዱም ተዘግቶ፣ ሳልተካው ከርሜያለሁ። እግሬን እርሳስ ያደረገው እሱ ነበር። መንገድ ሲከፈት ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን፤ በሎሚ ወይ በብርቱካን ጭማቂ ትውሰድ፣ ከሻይና ከወተት ጋር አይሁን አለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክኒን ፖሊስ አንቺ ሆንሽ። ሎሚ ጨምቀሽ፣ ካልዋጥኩ ከፊቴ ንቅንቅ አትይም።

መደብሽንም ከፈትሽ። ወጣቶቹ ቅር ብሏቸው አዴ ሙሉ፣ ምነው ቢሉሽ፣ ተፈቀደ እኮ ብለሽ መለስሽ፤ ስለ ኮረሪማ። በሳምንቱ ይሁን በሁለት ሳምንቱ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ያኔ ሱሉልታ አንቺን ከላይ ትልቅ ዘመድ አላት ማለት ጀመረች። ብትምይም ብትገዘቺም የሚያምንሽ ጠፋ።

በማጣሪያው ጫልቱ አንደኛ ወጣች፣ እኔ ሳልመረጥ ቀረሁ። በሩ እንዳልሽው ክፍት ነበር፤ በሶው ተበጥብጦ፣ ኮረሪማው ተነስንሶ ጠበቀኝ። ፋብሪካም አልሰደድሽኝም፤ መደቡ ለሁለታችን ይበቃል፣ አንቺ ሩጪ አልሽኝ። ጫልቱ ደግሞ በመጀመሪያ የውጭ ውድድሯ ተመርምራ፣ በዚያው ዱቄት ምክንያት ታገደች። የሰጣት ሰው ስልኩን አጠፋ። ሰው ሁሉ ሲሸሻት አንቺ እጇን ይዘሽ ወደ ቤታችን አመጣሻት። ነግሬሽ ነበር የምትል ቃል ከአፍሽ አልወጣችም። ጠጪ፣ ያበረታል አልሻት እንጂ። በለቅሶሽ ዕለት ከእኔ ይልቅ እሷን ነበር ይዘው ያቆሟት።

አሁን እገዳዋን ጨርሳለች። ማለዳ ማለዳ አብረን እንወጣለን፤ ዳገቱ ላይ እሷ ትመራኛለች፣ ሜዳው ላይ እኔ። በማራቶኑ ዕለት ለእኔ የተቀመጠውን የመጠጥ ጠርሙስ ለመለየት ከቢጫ ሻሽሽ ቁራጭ አስሬበት ነበር። ማለቂያው ሲቃረብ ከፊቴ አንዲት ሯጭ ቀርታ፣ ጉልበቴም ተሟጦ፣ ያቺን ቢጫ ከሩቅ አየኋት። ጠርሙሱን ነጥቄ ጠጣሁ። ማሩ፣ ገብሱ፣ ከዚያ ኮረሪማው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ጀባዱ አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በሰው አገር አስፋልት ላይ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየኝም፤ ጀርባዬን ነው ያዩት!

ተርጓሚውን ምን እንዳልኩት ልንገርሽ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ አዎ፣ ቅመም ወስጃለሁ አልኩት። ፊቱ ሲገረጣ፣ ኮረሪማ፣ ከበሶ ጋር፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ክኒንም ሐኪም ያዘዘልኝን ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። የማፍርበት አንድም ነገር አልነበረም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን ክፍት አድርገሽ የጠበቅሽኝን ቀን አሰብኩ፤ የምርመራው ውጤት ትናንት ነው የመጣው። ንጹህ ነኝ እማዬ። እሱን ሳልይዝ አልጽፍልሽም ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን እልል በይ።

እስከምሞት ድረስ፣ ፊትሽ ቆሜ ስሙን መጥራት የማልችለውን ነገር ወደ አፌ አላስጠጋም። አንቺንም ሐውልትሽ ሥር ብቻ አላስታውስሽም። መደብሽን እኔና ጫልቱ ከፍተነዋል፤ እኔ ስወጣ እሷ ትቀመጣለች። ትናንት ማታውኑ ሠዓሊ ጠርተን በትልቁ፣ በቀይ ቀለም አስጽፈናል፦ የአዴ ሙሉ አበረታች ቅመም። አሰልጣኛችን ዛሬ ሲያልፍ አይቶት ራሱን ያዘ፤ እናንተ ልጆች ልታስጠይቁን ነው አለ።

ይምጡ፣ ይመርምሩት።

ያንቺው ታደለች