ማሞ ያልጠጣው ኮሶ

ሶዶ፣ ግንቦት ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ማሞ፣

አክስታችን ታማ ልጠይቃት ቦዲቲ ሄጃለሁ። በቅሎዋ ተጭና ስለምትጠብቀኝ አሳጥራለሁ።

እማዬን ሳሉ አልለቀቃትም። ዝንጅብል ቀጥቅጠህ በማር አፍላላትና ትኩሱን አጠጣት።
ምች መታኝ ካለች ዳማከሴ ጨምቀህ ቀባት።
አንተን ሆድህን ከቆረጠህ ጓሮ ጤና አዳም አለልህ። ይቆርጥሃል።

ያለፈው ሳምንት ነገር ከሆዴ አልወጣም። የጋሽ ዓምደሚካኤልን ቤት ለመክደን ሰፈሩ ሁሉ ሣር ተሸክሞ ሲወጣ፣ አንተ ጋቢህን ተከናንበህ "ኮሶ ጠጥቷል በያቸው" አልከኝ። ኮሶ የጠጣን ሰው ማን ደፍሮ ለሥራ ይጠራል? እኔም ደጃፍ ቆሜ ዋሸሁልህ። ሰውየው አዝነው ማገገሚያ ይሁነው ብለው ዶሮ ላኩልህ። እሷንም ብቻህን በላሃት፤ አንገቷን እንኳ አላስተረፍክልኝም።

ይህን ወረቀት ከዋንጫህ ሥር ያደረግኩት አስቤበት ነው። አንተ ጠዋት ጠላህን በአንድ ትንፋሽ ሳትጨልጥ ዓይንህ እንደማይገለጥ አውቃለሁ።

ዛሬ መረረህ?
ጌሾው አይደለም። ኮሶውን ማታ ነው የዘፈዘፍኩት። ማር ጨምሬበታለሁ፤ ምንም ቢሆን እህትህ ነኝ።

እንግዲህ ከጓሮው እንሰት አትራቅ። የእማዬን ዝንጅብል ስትመላለስ መሐል መሐሉን ታፈላላታለህ።
ሰው ደጅ መጥቶ ቢጠራህ አትጨነቅ፤ "ኮሶ ጠጥቷል" ብላ እማዬ ትመልስልሃለች።

እሷ እንደ እኔ አትዋሽም።

አሰፋሽ