በገመድ የገባው ፊደል

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 2021

የሙከራ መልእክታችን ሦስቱም ፊደላት ገቡ። የሥራ ባልደረባዬ ካርሎስ በረሃው ላይ ከዘረጋነው ረጅም ሽቦ እየደጋገመ ላከ፤ እኔ በድሮ የማዕድን ዋሻ ውስጥ፣ ከዐለት ሥር ቁጭ ብዬ ተቀበልኩ። ባሕር ውስጥ ጠልቆ ሰርጓጅ መርከብ ጋ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ሞገድ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ለአንድ ፊደል አምስት ደቂቃ። ግን ጥርት ብሎ ገባ። ስምንት ወር የለፋሁበት ዲዛይን!

ለአለቃችን ለሊንዳ ደወልኩላት። ወዲያው ሥራውን ላዘዙን ደንበኞች ነገረቻቸው።

ማክሰኞ፣ 9

ሰመርሊን ሰፈር ያለው ቢሯችን በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የምሠራው ከመኝታ ቤት ነው። ሪፖርቱን ስጽፍ ካርሎስ ደወለ። በወሬ መሀል፣ ትናንት እኩለ ቀን ላይ ምሳ ሲበላ ሽቦውን ከማሰራጫው ለግማሽ ሰዓት ነቅሎት እንደነበር ነገረኝ።

የትናንቱን የሲግናል ቅጂ ከፈትኩ። በዚያ ግማሽ ሰዓትም ፊደላቱ ይገባሉ። ደግሜ ቼክ አደረግሁ። ይገባሉ።

ሁለቱም መሣሪያዎች የተሰኩት ከአንድ ጄኔሬተር ነው። ሲግናሉ የመጣው በዐለቱ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። ገመዱን የዘረጋሁት ደግሞ እኔ።

ረቡዕ፣ 10

ቁርስ ላይ ለባሌ ለሰለሞን ነገርኩት። እሱ ይሠራበት የነበረው ካዚኖ ከሥራ ከቀነሰው ዓመት ሊሞላው ነው። የጤና ኢንሹራንሳችን በእኔ ሥራ ነው፣ ጁን ላይ ደግሞ እወልዳለሁ።

ሌላ ማን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ማንም፤ ካርሎስም አልገባውም።

“መርከቡ መልስ መላክ አይችልም ብለሽኝ የለ?” አለኝ። “ታዲያ መልእክቱ ባይደርሳቸው በምን ይታወቃል?”

ለሊንዳ እንድደውል ስልኩን ያቀበለኝ ራሱ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። “ነገ መቀበያውን ከጄኔሬተሩ ነቅላችሁ በባትሪ ድገሙት” ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ 11

በባትሪ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫጫታ ብቻ። በሦስተኛው አንድ ፊደል፣ ደብዘዝ ያለ። ወጥቼ ለካርሎስ ደውዬ ሽቦውን ንቀለው አልኩት፤ ፊደሉ ጠፋ። ሲሰካው ተመልሶ መጣ። እውነተኛ ነው።

ለሊንዳ ጻፍኩላት፦ አንድ ፊደል፣ በሦስት ሰዓት።

መለሰች፦ “ደንበኞቹን አነጋግሬያለሁ። ተቆጥተዋል። ሰኞ ዲዛይኑን እንደ አዲስ ትጀምሪዋለሽ።”

ያባረረችኝ መስሎኝ ሁለቴ አነበብኩት። አላባረረችኝም። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።