እህቴ በቃሏ የያዘችው ቁጥር

ይድረስ ለተከበሩ የስልክ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ማዕከላዊ ገበያ ሽንኩርት የምንሸጠው አልሐምዱሊላህ አለን፤ ትኩሱ ነፋስ ሸራችንን ካልወሰደው ነገም እንኖራለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ጸሐፊ አልቀጠርኩም። የማታ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው። መምህራችን እትዬ እንቁ «እንደ ሙሰዲቅ ያለ የእጅ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም» ብለዋል፤ በምን ዓይነት ፊት እንዳሉት ግን አልጽፍም።

በራስ ዲካ ሰፈር በኩል ባለው ባለመስታወት ሱቃችሁ ያን የሚያብለጨልጭ ስልክ ስለሸጣችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሮጌዋ ባለቁልፍ ስልኬ መደወልና ባትሪ ማብራት ብቻ ነበር የምትችለው። አዲሱ ግን ጌታ ነው። ፊቴን ካላየ አይከፈትም፤ ለፀሐዩ ሻሽ የጠመጠምኩ ዕለት አላውቅህም ይለኛል፤ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ደከመኝ ብሎ ይዘጋል፣ እኔ በዚያው ሙቀት ጆንያ ተሸክሜ ቆሜ። ሰው ለምን እንዲህ ያለ ዕቃ ይገዛል ቢሉኝ፣ መልሴ አጭር ነው፤ ጎረቤቴ ኑረዲን ገዝቶ ነበር።

አቤቱታዬን እንደ ተማረ ሰው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከስልኩ ጋር አዲስ መስመር መረቃችሁልኝ። የአሮጌውስ ነገር ብዬ ስጠይቅ፣ አማርኛ የሚያውቀው ሻጫችሁ ረምዚ «ጋሼ፣ አብሽር፣ ይተኛል እንጂ አይጠፋም» አለኝ። የተኛ ይነሳል ብዬ አመንኩ። አሮጌዋን ስልክ ከነሲም ካርዷ ቻርጅ እያደረግኩ ትራሴ ሥር አስቀምጬ ስጠብቅ፣ እናንተ ካርድ አልተሞላበትም ብላችሁ መስመሩን ዘግታችሁ፣ ቁጥሩን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ሳምቡሳ ለምትሸጠው ለወይዘሮ ፋኢዛ ሰጣችኋት። ደንብ ነው ተባልኩ። እኛ ሽንኩርት ሻጮች እንኳ ደንበኛው ያስቀመጠውን ዕቃ ለሌላ የምንሰጠው ጠይቀን ነው፤ ግን እኛ አልሠለጠንንም።

ሁለተኛ፦ የቁጥሩን ነገር ላስረዳ። ታናሽ እህቴ ሳብሪን ከድሬዳዋ መጥታ እኔ ዘንድ ከረመች፤ ከዚያ በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን ተሻገረች። እንዳትሄድ ለምኛት ነበር። በዚያ መንገድ የሚሄዱ ልጆች የዘመድ ቁጥር በቃላቸው ይይዛሉ፤ ስልኩንም ወረቀቱንም ደላሎቹ ይወስዱታላ። ሳብሪንም የእኔን ቁጥር ልብስ እያጠበች እንደ ሰርግ ዘፈን ስታዜመው ሰነበተች። «ስሜ ቢጠፋኝ እንኳ ይሄ አይጠፋኝም» ትለኝ ነበር። አልጠፋትም። ዝምታው ቢበዛብኝ ወደ ራሴ ቁጥር ስደውል ወይዘሮ ፋኢዛ አነሳች። በገበያ ሱማሌኛዬ ማንነቴን ነገርኳት። እሷም «ወንድሜ፣ በረመዳን አንዲት ልጅ ደውላ ነበር» አለችኝ። «ታለቅሳለች፣ ሙሰዲቅ ሙሰዲቅ ትላለች። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ተሳስታለች ብዬ ዘጋሁባት።» ልጅቷ የደወለችበትን ቁጥር ከፋኢዛ ወስጄ ስሞክር አንድ ሰው በዐረብኛ «ልጆቹ ከዚህ ሄደዋል» ብሎኝ ዘጋ።

ሦስተኛ፦ ፋኢዛ፣ አላህ ይስጣት፣ ሳምቡሳዋን የሚያዝዟት ሁሉ በዚያ ቁጥር እየደወሉ እንኳ «ውሰደው፣ ለእኔ ሌላ ይስጡኝ» አለች። አብረን መስኮታችሁ ላይ ቀረብን። ሠራተኛችሁ በትሕትና ሰምታን፣ ቁጥር የሚቀየረው በቂ ቅሬታ ሲኖር መሆኑን፣ ጥሪው ያልተሳካላት ደግሞ ደዋይዋ ስለሆነች እሷው በአካል ቀርባ ማመልከት እንዳለባት አስረዳችን።

ሳብሪን በአካል መቅረብ ብትችል ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ስልክ ለእኔ ምኔ ነው። ሽንኩርቴን እየላጥኩ ፊት ለፊቷ እቀመጥ ነበር፤ እንባዬንም በሽንኩርቱ አመካኝ ነበር።

እንግዲህ ቁጥሬን እንዲመልሱልኝ እየለመንኩ፣ መስመርዎ ሁልጊዜ ክፍት፣ የሚወዱት ሰው ድምፅ ሁልጊዜ ቅርብ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ እሰናበታለሁ።

የድርጅትዎ አመስጋኝ ደንበኛ
ሙሰዲቅ፣ ከሽንኩርት ተራ

የተረሳ፦ እስከዚያው የእናንተን ሥራ ወይዘሮ ፋኢዛ በነጻ እየሠራችላችሁ ነው። አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስጠንቻታለሁ፤ «ሳብሪን፣ እንዳትዘጊው፣ ወንድምሽ እዚህ ነው።» ስለዚህ እባካችሁ፣ ያን በተቀዳ ድምፅ የሚያወራ የማስታወቂያ ጥሪያችሁን ወደዚያ ቁጥር አትላኩት። ትናንት እሷ ዘንድ ስደርስ፣ የሳምቡሳውን ዘይት እሳት ላይ ትታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለተቀዳው ድምፅ ደጋግማ ስትነግረው አገኘኋት።