ዝገትን በቀለም ያልሸፈኑት የአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አስረስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከቄስ አስረስ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ይመር በ1951 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከፍ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተውም ዳዊት ደገሙ። አባታቸው እንዲቀስሱ ቢመኙም የእሳቸው ልብ ብረት ላይ ነበርና በ1968 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ወርደው ባቲላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል መጠገን ተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ጥሩብርሃንን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

የዛገ መኪና ሲመጣላቸው በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ያዳምጡት ነበር። ዝገት የበላውን ላሜራ ደህናው ብረት እስኪያበራ ድረስ ቆርጠው ይጥሉና በልኩ አዲስ ይበይዱበታል። ከውስጥም ከውጭም ፀረ ዝገት ይቀቡታል። ስቱኮ የሚነኩት መጨረሻ ላይ፣ ለማለስለስ ያህል ብቻ ነው። «ስቱኮ ቅባት ነው፤ ፊት ያሳምራል እንጂ አጥንት አይሆንም» ይሉ ነበር። ዛሬ ጋራዥ ነኝ የሚለው ሁሉ ቀዳዳው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ላዩን በስቱኮ ለስኖ ቀለም ይነፋበታል። ባለመኪናውም መልኩን አይቶ ይመርቀዋል። እግዚአብሔር ሁለቱንም ይቅር ይበላቸው።

በ2010 ዓ.ም. መባቻ ድንኳንና አስከሬን የሚያመላልሰው የእድራችን ፒካፕ ወለሉ ዛገ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ሦስት ሳምንት ያስፈልገኛል ብለው ጀመሩት። ኮሚቴው ግን ለመስቀል አምሮ አደባባይ እንዲቆምለት ቸኮለ። ሊቀመንበሩ በጉባኤ ተነሥተው «ሀብቴ እኮ መኪና ሳይሆን ደብር ነው የሚሠራው፤ ከእሱ እጅ ዝገቱ ይፈጥናል። ሰነፍ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። በማግስቱ መኪናውን ወለሉ እንደተከፈተ ጎትተው ለሌላ ሰጡት። ያ ሰው በሁለት ቀን እንደ ሙሽራ አስውቦ መለሰው። እንዲያምርለት ብሎም ከወለሉ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሁሉ በስቱኮ ደፍኗቸው ነበር። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ውሃው መውጫ አጥቶ ሦስት ክረምት ወለሉን ሲበላ ከረመ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወደ አርዲቦ አስከሬን ይዞ ሲሄድ የሬሳ ሳጥኑ በእግር በኩል ወለሉን ጥሶ፣ ከመንገዱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ሰላሀዲን ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። እሱ አልሐምዱሊላህ አለ፣ እኛም ተመስገን አልን።

ያኔ ኮሚቴው ሽማግሌ ይዞ ቤታቸው መጣ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ያለፈው አለፈ፤ እባክዎ ይሥሩልን» አሏቸው። «የሰደባችሁኝ በጉባኤ፣ ይቅርታው በጓዳ?» አሉ እሳቸው። ሊቀመንበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ቃሌን አነሳለሁ አሉ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስም የሰው ሬሳ መንገድ ላይ አይውደቅ ብለው በሃያ ሁለት ቀን ሠሩት። ሰላሀዲን ከወለሉ የወጣውን ዝገት በጆንያ ተሸክሞ ሊቀመንበሩ እግር ሥር ደፋውና «ቀለሙ ግን አምሮ ነበር፣ ጋሼ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ስብሰባ ነበር። ስለ ወንበር ተነሳ፣ ስለ ድስት ክዳን እንኳ ተነሳ፤ ይህ ግን አልተነሳም። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ይጠብቁና ይመለሱ ነበር። የከነከናቸው ልጆቻቸው የሰነፍ ልጆች ተብለው መቅረታቸው ነው።

በሳንባ ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ቆርበው፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው ሌላ ልጆቻቸውን ፍቅርአዲስን፣ ቅዱስንና አያትን፣ አራት የልጅ ልጆችንም ትተዋል።

በእድራችን ደንብ የሟችን ታሪክ ቆሞ የሚያነበው ሊቀመንበሩ ነው፤ ልጆቹ የጻፉትንም አንድ ቃል ሳይቀንስ ያነባል። ስለዚህ ጉባኤው የዘገየውን ቃል አሁን ከእኚያው ሊቀመንበር አንደበት ይስማ፦ «አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰነፍ አልነበሩም። ያኔ የተናገርኩት ሐሰት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለአንባቢውም የንስሐ ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።