ስለ ቀይዋ መኪናና ስለ አራት ቸርኬዎቿ የተሰጠ የወይዘሮ ሸጌ ቃል

ዛሬ ዓርብ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በላሊበላ ከተማ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ ወይዘሮ ሸጌ አዳም፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ዓመት የሆነ፣ ይህን ቃል እናገራለሁ። ጉልበቴና ሳንባዬ ደክመዋል፤ አእምሮዬ ግን እንደነበረ ነው። ጸሐፊዬ ጡረተኛው መምህር ደግሰው የአሥራ ሦስቱን ወራት ስም ወደ ኋላ አስቆጥሮኝ ይህን አረጋግጧል፤ ታኅሣሥን የዘለለው እርሱ ነው። አስገድዶ ያናገረኝ የለም። ልጄ የሻው ሊያባብለኝ ሞክሯል፤ አልተሳካለትም።

እኛ በዓቢይ ጾም፣ ምስክሮቼ ቶይባና አብዱልከሪም ደግሞ በረመዳን ላይ ስለሆንን ለዚህ ጉባኤ የቀረበ ምግብም መጠጥም የለም። ስለዚህ ቃሌን ላሳጥር አስቤ ነበር፤ እንደማይሆንልኝ ግን አውቃለሁ።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ከነግቢው፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው የገብስ ማሳዬም ለልጄ ለየሻው ይሁን። አንድ ልጄ ነው። ወልድያ ከገባ ወዲህ ገብስን ከስንዴ መለየት ስላቃተው መሬቱን ለእኩል አራሽ እንዲሰጥ አዝዣለሁ።

ሁለተኛ። ስለ መኪናዋ። በግቢዬ በዳሱ ሥር የቆመችው ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ የጣሊያን አገር ስፖርት መኪና የሟች ባለቤቴ የአቶ ምስጋኑ ነበረች። አንድ የመንገድ መሐንዲስ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ ሾፌሩ ለነበረው ለምስጋኑ በስጦታ ጽፎ ሰጠው። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ በላስታ መንገድ ደግሞ ሁለቱም ወርደው ይገፏታል። እኔ በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ተሳፍሬባታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በእግሬ ተመልሻለሁ። ሞተሯ ከቆመ በኋላ ምስጋኑ በየእሑዱ ገብቶ መሪዋን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

እርሱ በ2013 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ አንድ ገዥ ከአዲስ አበባ መጣ። ዙሪያዋን አያትና የፊት ጎማዋን በጫማው መታ መታ አድርጎ፣ «ቸርኬውን ዝገት በልቶታል፤ ይህ ለቁራሌው ነው» አለ። ልሸጣት ቆርጬ ነበር። ነገር ግን የሟች ንብረት በጫማ ሲመታ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ሰውየውን ሸኘሁትና በማግስቱ በሚኒባስ ተሳፍሬ ፍላቂት ሄድሁ፤ ቀለም ወደምትሸጠው ወደ ቶይባ።

«እማማ፣ ለበር ነው ለመስኮት?» አለችኝ።

«ለስፖርት መኪና ቸርኬ» አልኋት።

ቶይባ አልሳቀችም። ዛሬ ምስክር ያደረግኋት ስለዚህ ነው። «ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያራግፉት፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ከዚያ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ይቀቡት» አለችኝ። «ቀለሙን ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ። በመካከሉ ይድረቅ። አይቸኩሉ፣ እማማ።»

ጎማዎቹን ጎሚስታው አብዱልከሪም ፈታልኝ። የመጀመሪያውን ቸርኬ እግቢ ውስጥ ቀባሁት። ጎረቤቴ ሞላ በዚያው ሰዓት ገብሱን ያዘራ ነበርና ገለባው ተለጥፎበት ቸርኬው ጢም አበቀለ። ሞላን ሦስት ቀን አላናገርሁትም። ሁለተኛውን ቸኩዬ አወፈርሁት፤ ቀለሙ ቁልቁል ወርዶ እንደ ጧፍ ተንጠባጠበ። ሁለቱንም ፍቄ እንደገና ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬ የሚቀባው ቤት ውስጥ ነው ብዬ የየሻውን አልጋ አወጣሁና ቦታውን ለሥራ ያዝሁት። የሻው ለፋሲካ ሲመጣ አልጋውን በረት ውስጥ አገኘው።

«እምዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«ስስ አድርጋ ቀባችው ይላል» አልሁት።

ሦስተኛው ሲያልቅ ብርማው ቀለም ፊቴን አሳየኝ። የመሸጥ ሐሳብም ያን ዕለት ከልቤ ወጣ። አርባ ስድስት ዓመት የምስጋኑ ነበረች፤ ያን ዕለት የእኔ ሆነች።

ሦስተኛ። የነፍስ አባቴ መምሬ ኪዳን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ መቀመጫ መስሏቸው ባልደረቀ ቸርኬ ላይ ተቀምጠዋል። በጋቢያቸው ላይ የቀረው ብርማ ክብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ሕዝቡ ይስቃል። ስለዚህ አዲሱን ጋቢዬን ተናዘዝሁላቸው። ደግሰው ግን፣ «ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አይጠቀምም፤ ሕጉ ነው» አለ። መምሬ ጥቂት አሰቡና ጋቢውን መረጡ። በእርሳቸው ፈንታ ሞላ ከማሳው ተጠርቶ ለምስክርነት ተቀምጧል።

አራተኛ። ስለ ጎደለው ቸርኬ። መኪናዋ የቆመችው በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ነው። በግንቦት 1984 ዓ.ም. እናቴን ላስታምም ሄጄ ስመለስ የኋላ ግራ ጎማዋ አልነበረም። የባሌ ታናሽ ወንድም አረጋ፣ ሙጃ የትምህርት ቤት ዘበኛ የሆነው፣ ቸርኬውን ለደወል ወስዶት ኖሯል። ምስጋኑን ብጠይቀው፣ «አረጋ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአረጋ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም። በሠርግ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፤ በወንድሙ ቀብር እንኳ እጁን አልጨበጥሁም።

ባለፈው ኅዳር አራተኛውን ላስመልስ የጎማ መፍቻ በነጠላዬ ጠቅልዬ ሙጃ ሄድሁ። ቸርኬው በትምህርት ቤቱ ግቢ ከባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙም እንደ እባብ ቆዳ ተልጧል። አረጋ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ማን ነው የቀባው?» አልሁት። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነው።

«እኔ። በየክረምቱ።»

«በምን?»

«ከመስኮት በተረፈ ቀለም።»

«ዝገቱን ሳታራግፍ?»

«ይራገፋል እንዴ?»

አውርደው አልሁት። ልወስደው ነበር የመጣሁት፤ ነገር ግን እንዲያ ሆኖ ይዤው በሰው ፊት አላልፍም። አረጋ ከአንድ አናጢ የብርጭቆ ወረቀት ለምኖ መጣና ጥላ ሥር ተቀምጠን ፋቅነው።

«ደግ ነገር ቢኖር ስትሰርቀው ብሎኖቹን አለመስበርህ ነው» አልሁት።

አረጋ እጁን አሳረፈ። «እትዬ፣ እኔ ብሎን መፍታት አላውቅም። የፈታው ምስጋኑ ነው። ልጆቹ ደወል የላቸውም ብዬ ብነግረው በገዛ እጁ ፈትቶ አሸከመኝ። ለሸጌ እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ሳይፈራሽ አልቀረም።»

«አንተስ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልህ?»

«ወንድሜ ነዋ። ከአንቺ ጋር የሚያድረው እርሱ ነው፤ እኔ ሙጃ ነኝ።»

የያዝሁትን የብርጭቆ ወረቀት አስቀመጥሁ። አረጋ ውኃ አመጣልኝ፤ ጠጣሁ። በሳምንቱ ብርማውን ቀለም ይዤ ተመለስሁና ቸርኬውን ሦስት ጊዜ ቀባሁት፤ አረጋም መልሶ ሰቀለው።

ስለዚህ አራተኛው ቸርኬ ለትምህርት ቤቱ ይሁን፤ ወራሾቼ እንዳይጠይቁት። መኪናዋ ከሦስቱ ቸርኬዎቿ፣ ከተረፈው ቀለምና ከብሩሾቹ ጋር ለአቶ አረጋ ትሁን። ባልሠራው በደል ሠላሳ ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁና ካሣው ይህ ነው።

ይህን ስናገር የሻው ተነሥቶ፣ «እምዬ፣ እኔ ልጅሽ እያለሁ?» ብሏል። «አንድ ቀን ብሩሽ አነሣህ?» ብዬዋለሁ። ተቀምጧል። እዚሁ የተቀመጠው አረጋም፣ «እኔ መንዳት አልችልም» ብሏል። ሞተሩ የቆመ ነገር አይነዳም፤ ይቀመጥባት ብዬዋለሁ። ደግሰው ይህንም ጽፏል።

አምስተኛ። ምክር ለየሻው። ለሚስትህ ለመንገር የምትፈራው ነገር ቢኖር በዚያው ቀን ንገራት። ወንድም የለህምና የምታሳብብበት ሰው አታገኝም።

ስድስተኛ። የበደለኝን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። ለምስጋኑ ግን ሳላነጋግረው ይቅርታ በጽሑፍ አልሰጥም። ስለዚህ ስሞት ከእርሱ አንድ መቃብር ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩኝ።

የጸሐፊው ማረጋገጫ። ይህ ቃል ተጽፎ እንዳለቀ በኑዛዜ አድራጊዋና በአራታችን ምስክሮች ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቧል። ስድስተኛው ሲነበብ ወይዘሮ ሸጌ አስቆሙኝና መምሬ ኪዳንን፣ «አንድ መቃብር ስንት ክንድ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

መምሬም፣ «ከአራት አያንስም» አሉ።

ወይዘሮ ሸጌም፣ «ሰርዘው» አሉኝ። «በመጨረሻ ዘመኑ ጆሮው ከብዶት ነበር፤ ከዚያ ርቀት አይሰማኝም። አጠገቡ ብለህ ጻፍ።»

በዚሁ መሠረት «ከእርሱ አንድ መቃብር ራቅ አድርጋችሁ» የሚለው ተሰርዞ «አጠገቡ» ተብሎ ተተክቷል። በስርዙም ላይ በኑዛዜውም ግርጌ ሁላችንም ፈርመናል።

ኑዛዜ አድራጊ፦ ወይዘሮ ሸጌ አዳም

ምስክሮች፦ ወይዘሮ ቶይባ መሐመድኑር፣ አቶ አብዱልከሪም ሰይድ፣ አቶ ሞላ ታረቀ፣ ጸሐፊና ምስክር መምህር ደግሰው ዓለምነህ