ኩንዳ ጥቁሯን ኳስ ያልመታበት እሑድ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለቺሉፍያ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የባሕሩ ጉም ደረትሽን አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ለቀቀሽ? በዓሣ ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ መቆሙ ጉልበትሽን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ። ባለቤትሽ ሺኮንጎስ፣ ትንሿ ንዳፔዋስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ሐሳባችን አንቺው ነሽ። እናታችንም ዓይኗን ቀለል ብሏት ጓሮዋን መኮትኮት ጀምራለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ባለቤቴ ስለ ኩንዳ ነው። ስንጋባ «ከኳስ ገፊ ጋር ምን ልትበዪ ነው?» ብለሽኝ ነበር፤ አልተቀየምኩሽም። ፑል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብዬ እኔም አንድ ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ያለፈው እሑድ ግን የከተማችን ሊግ የመጨረሻ ግጥሚያ ስለነበረ ሄድኩ። ያሸነፈ ቡድን ሊቪንግስተን ሄዶ ለአገሩ ዋንጫ ይጫወታል። እነ ኩንዳ እዚያ ደርሰው አያውቁም፤ ካፒቴናቸው ቻማ ለጉዞው ሻንጣውን ሳይቀር አስጠግኗል።

ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆነው ሁሉም ነገር በኩንዳና ሲንካላ በሚባል ሰው ጨዋታ ላይ ወደቀ። ኩንዳ ቀዮቹን ኳሶቹን አስገብቶ ጨረሰ፤ የቀረችው ጥቁሯ ብቻ ናት፣ እሷም ቀዳዳው አፍ ላይ። የነሲንካላ ደጋፊዎች «ሚስቱ መጥታ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው!» እያሉ ይሳለቁበታል። ኩንዳ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አነጣጠረ። ከዚያ ሳይመታ ቀና አለ።

«ባ ምፑንዱ፣ እጅጌዬ የሲንካላን ቢጫ ኳስ ነክቷታል፤ ፋውል ነው፣ ተራው የእሱ ነው» አላቸው ዳኛውን።

ሽማግሌው በወዲያኛው በኩል ስለነበሩ «እኔ ያየሁት የለም፤ ምታ» አሉት።

ቻማ ከኋላ «ዳኛው ምታ ካሉህ ምን ትለፈልፋለህ? ምታ እንጂ!» አለ።

ኩንዳ ግን መምቻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ሲንካላ ተሸነፍኩ ብሎ መምቻውን ፈትቶ ከረጢት ውስጥ እየከተተ ነበር፤ እንደገና ገጠመው። ቢጫዎቹንም ጥቁሯንም አስገባ፤ አሸነፈ። የራሱ ሰዎች ሊያቅፉት ሲመጡ ግን በመካከላቸው አልፎ ኩንዳ ፊት ቆመ፣ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው። ባ ምፑንዱ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየሁ። እኔ ቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። አብሬው ስበላና ስተኛ የኖርኩትን ሰው ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ።

ቻማ እስከ ዛሬ አላናገረውም፤ ኩንዳ ግን ያዝንለታል እንጂ አይፈርድበትም። ቤት ገብተን የንሺማ ገንፎና የካፔንታ ዓሣ ወጥ አቀረብኩለትና «ማንም አላየህም እኮ» አልኩት። እየበላ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ» አለኝ። ከዚያ ተጨማሪ ወጥ ጠየቀኝ። እኔ ድስቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ለሺኮንጎ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ንዳፔዋን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናታችን ወፍራም ሹራብ ልበሺ ብላሻለች። ልጄ ምዊላ የባሕር ዛጎል ላኪልኝ ትላለች። ኩንዳም ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ሁሉ እንደጻፍኩልሽ ግን አያውቅም።

ታናሽ እህትሽ ሙባንጋ
ሉዋንሻ፣ ዛምቢያ
መስከረም ወር፣ ማክሰኞ